በዋልተር ሱቅ የተቀመጠች አደራ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የሱቁ ባለቤት ዋልተር መወልወያ ጨርቅ ሰጠኝና የማሳያውን መስታወት አጽጂ አለኝ። ሱቁ ሳን ሆዜ ውስጥ በጥፍር ማስዋቢያና በጎማ ቤት መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ቤት ነበር። ማስታወቂያው "ካሸር እንፈልጋለን" ብቻ ስለሚል ምን እንደሚሸጥ ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት። መስታወቱ ሥር የተደረደሩት ሽጉጦች መሆናቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የቤት ኪራይ ባይደርስብኝ ኖሮ ጨርቁን ጥዬ እመለስ ነበር።

አመሻሽ ላይ በሩን ከውስጥ ቆለፈና ጠራኝ። "ሳንዲ፣ ሥራው ገና አሁን ነው የሚጀምረው" አለኝ። ስሜ ስንዱ ነው፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ሳንዲ እንዳለኝ ቀረ።

የመዝጊያውን ሥርዓት ያን ምሽት አሳየኝ። እያንዳንዱን ሽጉጥ ከማሳያው ታወጫለሽ። አፈሙዙን ወደ ግድግዳው ታዞሪያለሽ። የጥይት መያዣውን ትነቅያለሽ፤ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስበሽ ውስጡን ታያለሽ፤ ዓይንሽን ሳታምኚ ደግሞ በጣትሽ ትዳስሻለሽ። ምላጩ ላይ ቁልፍ ታስገቢያለሽ። ቁጥሩን ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ፣ እሱ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል፣ ከዚያ ወደ ካዝናው ይገባል። ረጃጅሞቹ ጠመንጃዎች በምላጫቸው ቀለበት ውስጥ ወፍራም የብረት ገመድ ያልፍባቸውና ከግድግዳው ጋር ይታሰራሉ። ጠዋት ሁሉም በተገላቢጦሽ ይደገማል።

ሰለቸኝ ብዬ አንድ ቀን አንዱን ሳልዳስስ ላስገባ ስል እጄን ያዘኝ። "ትናንት ባዶ ነበር ማለት ዛሬም ባዶ ነው ማለት አይደለም" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልዳስስ ያስገባሁት የለም።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ሴቶቹ "ደጃዝማቿ መጣች" ይሉኝ ጀመር። አንዷማ "ልጄን ስድር ለተኩሱ አንቺን ነው የምጠራው" ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ከልባቸው የተቀየሙኝም ነበሩ። "ስንት ሥራ ባለበት አገር!" አሉ። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ እንዲያ ሲሉኝ ጭራሽ ሥራውን ወደድኩት። የስቴቱን ምርመራ አልፌ በመሣሪያ ሱቅ ለመሥራት የሚያስፈልገውን የብቁነት ወረቀት አወጣሁ፤ ከጊዜ በኋላ ዋልተር ማኔጀር አድርጎኝ የካዝናውን ቁልፍ ሰጠኝ።

ጋሽ መስፍንን ያወቅኋቸው አንድ ቅዳሜ ነው። ኦክላንድ ውስጥ ትንሽ የመጠጥ መሸጫ ነበረቻቸው፤ ሽጉጡን የገዙትም እዚያ ከተዘረፉ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ሲሞቱ ሱቁን ሸጠው ሳን ሆዜ አፓርትመንት ተከራዩና ብቻቸውን መኖር ጀመሩ። አንዲት ልጃቸው ሊዲያ አቅራቢያው ባለችው ሳኒቬል ከተማ ኢንጂነር ናት። ያን ቅዳሜ ሽጉጧ ያለችበትን የተቆለፈች ሣጥን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና አማርኛ ተናጋሪ መሆኔን ሲያውቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ይቺን ትይዙልኛላችሁ?"

"ለመሸጥ ነው ጋሼ?"

"የለም። ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻችንን ባንሆን ይሻላል ብዬ ነው። ሌሊቱ አልገፋ አለኝ።"

የፈሩት ራሳቸውን እንደሆነ ገባኝ። ጓዳ ገብቼ ለዋልተር ነገርኩት። "ቦታ አለን" አለ፤ "ሌላ ጥያቄ አታብዢባቸው።" የሰው መሣሪያ አስቀምጦ መያዝ ከሱቁ ሥራ ሁሉ ትርፍ የሌለው ነበር። ዋልተር ግን አንድም ቀን እምቢ ሲል አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ መስፍን በየወሩ ቅዳሜ ይመጡ ጀመር። የማስቀመጫውን ክፍያ በስልክ መጨረስ ይቻል ነበር፤ እሳቸው ግን ኮታቸውን ለብሰው በላይት ሬል ባቡር ይመጣሉ። "አለች?" ይሉኛል። "አለች ጋሼ" እላቸዋለሁ። ከዚያ በርጩማ ስበው ይቀመጡና የኳሱ፣ የቤት ኪራዩ፣ የሊዲያ አለማግባት ነገር ይነሣል። ስለ ዋልተር "ይሄ ሰውዬ ምሳ የሚባል ነገር አያውቅም እንዴ?" ብለው ሳንዱች ይዘውለት የመጡበት ቀን አለ። አንዳንድ ወር ፊታቸው ጠቁሮ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ሱቁ በደንበኛ ቢሞላም ዋልተር እኔን ከአጠገባቸው አያስነሣኝም፤ ራሱ ያስተናግዳል።

"ሌሊቱስ እንዴት ነው ጋሼ?" ብዬ አንድ ቀን ደፈርኩ።

"ይገፋል። ቅዳሜ አለ አይደል" አሉኝ።

በዚህ መካከል መንግሥት በሱቆች ላይ ያወጣው የመሣሪያ ማስቀመጫ ደንብ ጠበቀ። እውነቱን ለመናገር ደንቡን አልረግምም። ከእኛ አለፍ ብሎ ያለ ሱቅ በሩ በመኪና ተገጭቶ፣ የብረት ገመዱ ተቆርጦ፣ ጠመንጃዎቹ ተወስደዋል። ማን እጅ ገቡ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ገመድ አይበቃም፣ ሁሉም ካዝና ይግባ ሲባል "እሰይ!" ነው ያልኩት። መንግሥትን ከሚረግሙ ደንበኞች ጋር ባንኮኒው ላይ እየተጨቃጨቅሁ ዋልተርን አሳቅቄዋለሁ።

ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣ። ካሜራ፣ የካሜራው ቀረጻ ማስቀመጫ፣ አላርም፣ ኢንሹራንስ። ኢንሹራንሱ በበኩሉ ከባድ ካዝና ካላስገባችሁ አልቀበልም አለ። ካዝናው ወለል ተቆፍሮ መተከል ነበረበት፤ አከራዩ ደግሞ ወለሌን አላስነካም አለ። ትልልቆቹ መደብሮች ይህን ሁሉ ከመጤፍ ሳይቆጥሩት አለፉት። ዋልተር ሌላ ቤት ፈለገ፤ ጠመንጃ ይሸጣል ሲባል የሚያከራየው አጣ።

አንድ ጠዋት ቁልፉን ከእጄ ሳይቀበል ቆሞ "ሳንዲ፣ ላይሰንሱን ልመልስ ነው" አለኝ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር፤ ጠርጎ ጠርጎ አልጨርስ አለ። እኔ በጣም ተናደድኩ። በማን ላይ እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም።

እንዲህ ያለ ሱቅ ሲዘጋ የሚሸጠው መሣሪያ ወደ ሌላ ባለ ፈቃድ ይዛወራል። በአደራ የተቀመጠው ግን ለባለቤቱ ይመለሳል። ለባለቤቶቹ መደወል የእኔ ሥራ ሆነ፤ የጋሽ መስፍንን መጨረሻ ላይ አደረግሁት። ሽጉጧን ቤታቸው ልልክ? ይህን እያሰብኩ በየመደብሩ ደወልኩ። ሳኒቬል ያለው ትልቁ መደብር "ስቶሬጅ አንሰጥም፣ የሰው መሣሪያ አናስቀምጥም፤ ኢንሹራንሳችን አይፈቅድም" አለኝ። ሌሎቹም ያንኑ ደገሙልኝ።

በመጨረሻው ቅዳሜ ጋሽ መስፍን እንደ ልማዳቸው መጡ። ባዶውን ማሳያ አይተው አልተቀመጡም። ሱቁ ማታውኑ እንደሚዘጋ ነገርኳቸው።

"ለዋልተር ይሽጡለትና ከሌሎቹ ጋር ትሂድ" አልኳቸው።

"ከእኔ ቤት ወጥታ የሌላ ሰው ቤት እንድትገባ አልፈልግም። መጥፋት ካለባት ትጥፋ።"

"እንግዲያው ፖሊስ ጣቢያ እንውሰዳት፤ እነሱ ያጠፏታል። ሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ አብሬዎት እሄዳለሁ።"

ፊታቸው ተለወጠ። ሽጉጥ ይዞ ፖሊስ ፊት መቆም በእሳቸው ዘመን አገር ቤት ምን ማለት እንደነበር አውቃለሁ። ቢሆንም "እሺ" አሉ።

"እስከ ሰኞ ለሊዲያ ልንገራትና እሷ ጋ ይደሩ?"

"እንዳታደርጊው! አባቴ ምን ነካው ትበል? ልጅቷን ኮል እንዳታደርጊ፣ በእናትሽ።"

ሱቁ ያን ዕለት ማታ ፈቃዱን ያጣል። ሽጉጧ ካዝናችን ውስጥ ልታድር አትችልም፤ እኔም በሕግ ቤቴ ልወስዳት አልችልም። ሕጉ የሚጠይቀውን ሁሉ ጨርሰን ውስጧን አየሁ፣ ዳሰስኩ፣ ምላጩን ቆለፍኩ፣ ሣጥኗ ውስጥ አስገብቼ እሱንም ቆለፍኩ። አብሯት የመጣው ጥይት ከዋልተር ጋር ቀረ። ከዚያ እጄን ዘረጋሁ።

"ቁልፎቹ እኔ ጋ ይሁኑ ጋሼ።"

"አታምኚኝም?"

"እርስዎን አምንዎታለሁ። ሌሊቱን ነው የማላምነው።"

ትክ ብለው አዩኝና ሣጥኗን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

እሑድን እንዴት እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከቅዳሴ መልስ ሰበብ እየፈለግሁ ደወልኩ፤ አንዴ ስለ ቀጠሮው ሰዓት፣ አንዴ ስለ መንገዱ። መጨረሻ ላይ "አለሁ ልጄ፣ አርፈሽ ተኚ" ብለው ዘጉብኝ።

ሰኞ ስደርስ በራቸው ላይ ኮታቸውን ለብሰው ቆመው አገኘኋቸው። ሳላስበው አቀፍኳቸው። ሣጥኗን መኪናው ኋላ ጭነን ወደ ጣቢያው ሄድን። ፖሊሱ ራሱ ወጥቶ ወሰዳት፤ ቁልፎቹን ሰጠሁት፣ ጋሽ መስፍን ፈረሙ፣ "ታንክ ዩ ሰር" ተባሉ፣ በቃ። ያን ያህል የፈራነው ነገር ላፍታ እንኳ አልፈጀም።

ወደ መኪናው ስንመለስ ከደስታዬ ብዛት ሳቄ አልቆም አለኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"እንግዲህ በምን ሰበብ ልመጣ ነው?" አሉኝ።

"ሰበብ ምን ያደርጋል ጋሼ፣ ዝም ብለው ይምጡ።"

"የት?"

ሞተሩን አስነሣሁና ቤታቸው አደረስኳቸው።

ዛሬ ፓሎ አልቶ አንድ ሆስፒታል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። ሺፍቴ ይገለባበጣል፤ ቅዳሜ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ ነኝ። ለጋሽ መስፍን ስደውል "ደህና ነኝ" ይሉኛል። ባንኮኒው አጠገብ ሲቀመጡ ግን ደህና መሆናቸውን የማውቀው ፊታቸውን አይቼ ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው አጭር ነው። ደንቡን አክብሩ፤ ሳትዳስሱ አታስገቡ፤ ሳትቆልፉ አትውጡ። ሱቅ የምትዘጉ ከሆነ ደግሞ ከመሣሪያው ጋር ይመጣ የነበረውንም ሰው አስቡት። እኔና ዋልተር ለሽጉጧ ቦታ ስንፈልግ ከረምን፤ ለራሳቸው ለጋሽ መስፍን ግን አልፈለግንም።