ገንፎው ገና ነው

ሥራ የጀመርኩት ጉርድ ሾላ ነው። ወይዘሮ ዘነቡ እየዞሩ ለአራስ ቤቶች ምግብ የሚሠሩ ሴት ነበሩ፤ እኔ ረዳታቸው ሆንኩ። በመጀመሪያው ቀን ውኃው በጨው እንደፈላ የገብሱን ዱቄት ባንዴ ዘረገፍኩት። ጓጎለብኝ። ወይዘሮ ዘነቡ አንዱን ጓል በማንኪያ አውጥተው ሰበሩት፤ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ነው።

«አራስ ይህን ትበላለች?»

«አትበላም።»

«እንግዲያው አንቺ ብይው።»

በላሁት። ከዚያ ማማሰያውን አስጨበጡኝና ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት እየነሰነሱ፣ ከድስቱ ግድግዳ ጋር እያሸሁ እንዳዞር አሳዩኝ። ማታ ትከሻዬን ማንሳት አቃተኝ።

ኋላ ለብቻዬ ወጣሁ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ቦሌ፣ የጠራኝ ሁሉ ቤት ሄድኩ። «እንዲነጣ ስንዴ ቀላቅይበት» ሲሉኝ እምቢ እላለሁ። ግትር ናት ይሉኛል። ልክ ናቸው።

አንድ ጊዜ ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ፣ ሄለን የምትባል አራስ ቤት ተቀጠርኩ። በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው፤ ሁለት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። ቤቱን የሚያዙት የባሏ እህት ወይዘሮ ሰብለ ነበሩ። የባሏ የሥራ ባልደረቦች ሊጠይቋት መጥተው ሳሎን እንደተቀመጡ ወይዘሮ ሰብለ ወጥ ቤት ገቡ።

«አሁኑኑ አቅርቢ።»

«ገና ነው። ዱቄት ዱቄት ይላል። አሥር ደቂቃ ይስጡኝ።»

«ቅቤ አብዝተሽ ሸፍኚው። እነሱ ምን ያውቃሉ?»

«እኔ አውቃለሁ። ደግሞ መጀመሪያ የምትበላው አራሷ ናት።»

«አንቺ ማን ነሽና ነው? ነገ እንዳትመጪ!»

«እሺ፣ አልመጣም። ዛሬ ግን ይህ ድስት ሳይበስል አይወርድም።»

እጃቸውን ወደ ድስቱ ሲሰዱ ምድጃው ፊት ቆምኩባቸው። እኛ ሥራ የምናገኘው በሰው አፍ ነው፤ ተባረረች ከተባለ የሚጠራኝ የለም። እያጉረመረሙ ወጡ።

እኔ ማማሰሌን ቀጠልኩ። ጣቴን ውኃ ነክሬ ስነካው አልያዘኝም፤ በስሏል። ገበታው ላይ አድርጌ መሐሉን ጎድጎድ አደረግኩና ቅቤና በርበሬውን አፈሰስኩበት። በመጀመሪያ ለሄለን ወሰድኩላት። ከዳር ከዳሩ እየቆረሰች ግማሹን ጨረሰች። ለእንግዶቹም አቀረብኩ። ሽርጤን አውልቄ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሰሚት ያለው ቤቴ እስክደርስ ንዴቴ አልበረደም።

በማግስቱ ሄለን ራሷ ደወለች።

«እትዬ፣ ምነው ቀሩ?»

«ተባርሬ ነዋ።»

«ቤቱ የኔ ነው። እኔ መቼ አባረርኩዎት? ይምጡ።»

«እመጣለሁ። ግን ድስት ከተጣደ ወጥ ቤት ማንም አይገባብኝም።»

«እኔም?»

«አንቺማ አራስ ነሽ፣ ተኚ።»

ሳቀች፤ ወዲያው «ወይኔ ቁስሌ!» አለች።

ወይዘሮ ሰብለ እስከ ክርስትናው ቀን ሰላም አላሉኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው፦ ምግቡ መብሰሉን የምታውቀው ማማሰያውን የያዘችው ናት። አልበሰለም ካለች አልበሰለም።