ዘመድ የሌለበት ባሕር

እኛ ቤት ሽርሽር ማለት እናቴ የምታበስልበት ኩሽና ይቀየራል ማለት ነበር። ሳንዲያጎ ሄድን፤ ባሕሩን ያየችው በመኪና መስኮት ነው። ሎስ አንጀለስ ሄድን፤ የአባቴ የአክስት ልጅ ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ ሰነበተች። ዘመድ ባለበት ከተማ ሆቴል ማደር ነውር ነው። ዘመድ ቤት ደግሞ ሴት እንግዳ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። ባለቤቲቱ «ኧረ ተይ፣ አረፍ በይ» ትላለች፤ እናቴ «ምን ደከመኝና» ትላለች፤ ከዚያ ጎን ለጎን ቆመው ይከትፋሉ።

እናቴ ኦክላንድ ውስጥ አቅመ ደካማ አዛውንቶችን ትንከባከባለች። ሳምንቱን ሙሉ የሰው አልጋ ታነጥፋለች፣ ሰው ታጥባለች፣ ሰው ታጎርሳለች። ባለፈው ሰመር አንድ ሳምንት ኦፍ ስታገኝ ለራሴ ማልኩ፤ በዚህ ሳምንት ቢላ አትይዝም።

ስለዚህ፣ ከተማ መምረጡን እኔ ያዝኩት። ሃይስኩል ጨርሼ ኮሌጅ አልገባም ብዬ ፀጉር ቤት ስለምሠራ እቤት ውስጥ ምክሬን የሚሰማ የለም። ግን ላፕቶፑም ክሬዲት ካርዱም የኔ ነው።

ችግሩ፣ የሁሉም ፍላጎት ለየቅል ነው። አያቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሜዳ መንገድና አግዳሚ ወንበር ይፈልጋሉ። የአሥራ አራት ዓመቷ እህቴ ካያክ ካልቀዘፍኩ አለች፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ። አባቴ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ሲያመላልስ ስለሚውል መንዳት ሰልችቶታል፤ ሌላ ሰው ሲነዳ ግን ፍሬን እየረገጠ ነው የሚሄደው። እናቴን ስጠይቃት «እናንተ ደስ ይበላችሁ እንጂ» አለች።

«ይሄ መልስ አይደለም፤ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ትንሽ አሰበችና «መተኛት» አለች።

ካርታውን ከፍቼ የባሕሩን ዳር ይዤ ወደ ታች ወረድኩ። ሳንታ ክሩዝ አይሆንም፤ ሳን ሆዜ ያለው አጎቴ ከነልጆቹ ወዲያው ይደርሳል፣ ልጆቹ ሲርባቸው ደግሞ የሚያዩት እናቴን ነው። ሞንተሬይ የአክስቴ ባል እህት አለች። ሞሮ ቤይ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት፤ ባሕሩ ውስጥ ተራራ የሚያህል ቋጥኝ ተገትሯል። የወደቡ ዳር መንገድ ሜዳ ነው፣ ካያክ ይከራያል። ዓሣ በየበሩ ይጠበሳል፤ ዓሣ ደግሞ ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅም። ከሁሉም በላይ የምናውቀው ሰው የለም።

«እዚያ ማን አለን?» አለ አባቴ።

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ልንሠራ ነው የምንሄደው?»

«ማንም ስለሌለን ነዋ!»

አያቴ ከሶፋው ላይ ቀና አሉና «ኸረ ይቺ ልጅ ሰው ትፈራለች እንዴ?» አሉ።

«እኔ ሽንኩርት ነው የምፈራው፣ እማማ።»

እህቴ ሳቀች። እናቴ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞረች፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ ግን አይቻለሁ። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ሞቴሉን ቡክ አደረግኩት፤ ካንሰል የማይደረገውን፣ ምድጃ የሌለውን መርጬ።

የደረስን ቀን ጭጋጉ ቋጥኙን ሳይቀር ውጦት ነበር። «ጭጋግ ለማየት ነው ይህን ሁሉ የተነዳው?» አሉ አያቴ። በማግስቱ እናቴ ሱብሂን ሰግዳ ተመልሳ ተኛች፤ ስትነሳ ረፋድ አምስት ሰዓት ሆኗል። እሷ አምስት ሰዓት ድረስ ስትተኛ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ያን ቀን ወደብ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እናቴ ጫማዋን አውልቃ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጥብስ ዓሣ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እህቴ ካያኳን ይዛ ስትንገዳገድ እያየች ትስቅ ነበር። አባቴ ስልክ ሲያወራ ቆይቶ ፊቱ በርቶ መጣ።

«የአገር ሰው አገኘሁ!»

ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሾፌር ጓደኞቹን ሲያጠያይቅ ነው የከረመው። ሰው የማያውቅበት ከተማ መግባት ልቡ እሺ አላለውም። አንድ የደሴ ልጅ ከነሚስቱ ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ይኖራል።

«ዛሬ እራት እነሱ ጋ ነን። ሚስትየዋ ብቻዋን ናት፤ እናታችሁ ቀደም ብላ መጥታ ታግዛታለች ብያለሁ።»

እናቴ ወረቀቱን ጠቅልላ እጇን ወደ ጫማዋ ዘረጋች። አላጉረመረመችም፤ እሱ ነው ያናደደኝ። ጫማዋን ቀድሜ አነሳሁት።

«አምጪ» አለች።

«አልሰጥም።»

«ነውር ነው! ሰው አክብሮ ጠርቶን?» አለ አባቴ።

«የጠራው አንተን ነው፣ አባዬ። አንተ ሂድ። ሽንኩርቱንም አንተ ክተፍ።»

መንገደኛው ዞሮ አየን። ባለጌ የሚለኝ ካለ ይበል። ጫማውን ደረቴ ላይ ለጥፌ ይዤ ቆምኩ። ግን ጉዳዩ በእኔ እጅ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እናቴ በባዶ እግሯም ትሄዳለች። እኔን አየችኝ፣ ባሕሩን አየች። ከዚያ ወረቀቱን መልሳ ፈታች።

«ሰላም በልልኝ» አለችው አባቴን።

«ምን ሆነች ልበል?»

«ተኝታለች በላቸው።»

«ቁጭ ብለሽ እያየሁሽ?»

«እንግዲህ አትየኝ።»

አያቴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። እኔን ሊቆጡ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። «ና ውሰደኝ» አሉት ልጃቸውን፤ «ሽንኩርት መላጥ ጉልበት አይጠይቅም።»

ሁለቱ ሄዱ። እናቴ ዓሣውን ጨረሰች፣ ጣቶቿን ጠረገች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አግዳሚው ላይ ጋደም አለች። ጫማዋን እነሱ እስኪመለሱ ድረስ ይዤው ነበር። አልጠየቀችኝም።