ጋቢ የለበሰው ትንሽ ወታደር

የምሠራው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ስም ያልተጻፈበት ናሙና ከመጣ አልቀበልም። አስታማሚ ቢለምነኝ፣ ሐኪም ራሱ ደውሎ «ይቺን ብቻ እለፊያት» ቢለኝ፣ መልሼ እልከዋለሁ። በዚህ ምክንያት ግትር ይሉኛል፤ እውነቱን ለመናገር ስሙን እወደዋለሁ። ይህን ያስቀደምሁት ቤቴ ውስጥ የሠራሁት ስሕተት ለምን እንዲህ እንደሚያሳፍረኝ እንዲታወቅልኝ ነው።

አባቴን ስትሮክ የመታው አምና በጥቅምት ነው። ቀኝ እጁ ሞተ፣ ምላሱም ተያዘ። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ስለሆናት ቁስቋም ባለው ቤታችን የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነን። አባቴ በወጣትነቱ ታንክ ነጂ ወታደር ነበር፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ደግሞ ጉልበቱ እስኪደክም ጋራዥ ሠራ። ስለ ጋራዡ ሲያወራ አይጠገብም። ስለ ታንኩ ግን አንድ ቀን አውርቶልን አያውቅም።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ከረመ። አንድ እሑድ ግን በግራ እጁ ወደ ቁም ሣጥኑ አናት ደጋግሞ ጠቆመኝ። ብርድ ልብሱን አወረድሁ፤ አይደለም። ራዲዮኑን አወረድሁ፤ እሱም አይደለም። ትዕግሥት የሚባል ነገር እሱም ላይ እኔም ላይ ስላልፈጠረብን ሁለታችንም ተናደድን። በመጨረሻ አቧራ የጠገበ ካርቶን ሳወርድ ፊቱ ፈታ አለ።

ካርቶኑን አውቀዋለሁ። ውስጡ ያሉት አባቴ ሶቪየት ኅብረት ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ይዟቸው የመጣ፣ እየተገጣጠሙ የሚሠሩ ሦስት የፕላስቲክ ታንኮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከመዳፍ ትንሽ ይበልጣል። እናቴ «ያባትሽ መጫወቻ» ትላቸው ነበር። ሁለቱ ተሰባብረዋል። ሦስተኛው ተገጣጥሞ አልቆ ነበር፤ ግን ሙጫው ቢጫ ሆኗል፣ ቀለሙ ተላልጧል፣ የእግሩ ሰንሰለት ከመድረቁ የተነሣ ሲነኩት ይሰበራል። ከታንኮቹ ሥር ጣት የማይሞሉ ወታደሮች ነበሩ። ከሁሉም በታች ደግሞ ዳገትና የመንገድ መታጠፊያ የተሠራበት፣ ሳይጨርሰው የተወው አንድ ጣውላ አለ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው «እጁን አታስቦዝኑት» ብሎን ስለነበር ደስ አለኝ። መድኃኒት ነው ብዬ ጀመርሁ እንጂ የሆነ ጉዳይ ያለው አልመሰለኝም።

የመጀመሪያ ቀን አሮጌውን ቀለም በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ላነሣ ስል የታንኩ አንድ ጎማ ጣቴ ላይ ቀለጠ። አባቴ በአፉ ያለው ነገር ስድብ እንደሆነ ለማወቅ ቃል አላስፈለገኝም። ከአልጋው ሥር ያለውን የመፍቻ ሣጥኑን አሳየኝ፤ ውስጡ ፍሬን ዘይት ነበር። በእሱ ነክረን አሳደርነው። በማግሥቱ ቀለሙ በጥርስ ብሩሽ ተገፎ ወጣ፣ ፕላስቲኩም ደኅና ነው። ከዚያ ወዲያ እሱ በግራ እጁ እየጠቆመ፣ እኔ በላቦራቶሪ ወረንጦ እየያዝሁ ወራት አለፉ። የተሰባበሩትን ሁለቱን ፈታትተን የጎደለውን ሞላን። ሰንሰለቱን ከብስክሌት ከመነዳሪ ላስቲክ ቆርጠን ሠራነው። የዳገቱን ሣር ሰጋቱራ አረንጓዴ ቀለም ነክረን በተንንበት።

ከወታደሮቹ አንዱ ግን ግራ ገባኝ። ቆብ የለውም። አንድ እግሩ መሬት ሊረግጥ ወደ ታች ተዘርግቷል። ትከሻው ላይ ከሲጋራ ወረቀት የተሠራ ጋቢ ተጣብቆለታል። ጋቢ ለብሶ የሚዘምት ወታደር የት አለ ብዬ ልልጠው ስል አባቴ እጄን መታኝ። ተውሁለት።

በሚያዝያ ግድም የካርቶኑን ጥግ ሳጸዳ በክር የታሰረ፣ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ስፈታው ግራጫ፣ ልም ዱቄት ነው። እናቴ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን እያመጣች ለበሽተኛ በጠበል ለውሳ የምትቀባው እምነት፣ ያ የተባረከው ዐመድ፣ ልክ እንዲህ ሆኖ ታጥፎ ነበር የሚቀመጠው። ለእሱ ብላ ከዕቃው ውስጥ ሸሽጋ የሄደች መሰለኝ። ስቄም አልቅሼም አላውቅ እንደዚያ ዕለት። ማንንም አልጠየቅሁም፤ የሚጠየቀውም ሰው መናገር አይችልም።

ሰባት ቀን፣ ጧት ጧት እህል ሳይቀምስ፣ በጠበል እየለወስሁ ቀኝ እጁንና ግንባሩን ቀባሁት። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ሊነጥቀኝ ታገለ፤ ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ ጎረቤት ይሰማ ነበር። «አይዞህ አባዬ፣ አያቃጥልም» አልሁት። በሁለተኛው ቀንም ታገለኝ። በሦስተኛው ተወኝ። ዓይኑን ጨፍኖ እንባው በጆሮው በኩል ይወርዳል። መሥሪያ ቤት ሄጄ አባቴን እምነቱ ነካው ብዬ አወራሁ። የእጁን እጣቢ፣ እናቴ እንደምታደርገው፣ እግር በማይረግጠው ቦታ ከጓሮው ወይራ ሥር ደፋሁ። በሰባተኛው ቀን ዱቄቱ አለቀ።

አባቴ አንድ የቆየ ጓደኛ አለው። ሱቃቸው ገበያው አጠገብ የሆነ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ዓርብ ዓርብ ከመስጊድ ሲመለሱ ሳይጠይቁት አይቀሩም። ያኔ ግን ዓይናቸውን ሊታከሙ አዲስ አበባ ከርመው ነበር። የመጡት በሰኔ ነው። ታንኩን አንሥተው፣ በአዲሱ መነጽራቸው ብዙ አዩት።

«ሸጋ አርገሽ ሠርተሽዋል» አሉኝ። «አፈሩንስ መች ልትነሰንሺው ነው?»

«የቱን አፈር ጋሼ?»

«ወረቀት ውስጥ ያለውን ነዋ። ከካርቶኑ አላገኘሽውም?»

ወረንጦውን አኑሬ ተቀመጥሁ። እሳቸው ያላወቅሁት መሰላቸውና ይነግሩኝ ጀመር። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል።

«አራት ነበርን። አዛዣችን፣ ነጂው አባትሽ፣ ተኳሹ እኔ፣ ጥይት አጉራሹ ደግሞ ከኮሶዬ የመጣ ልጅ። ታንኩ ሲመታ ሦስታችን ወጣን። እሱ አልወጣም። በማግሥቱ አባትሽ ተመልሶ ሄደ፤ የሚነሣ ሬሳ አልነበረም። ከሥሩ አፈርና ዐመዱን ዘግኖ በወረቀት ጠቀለለው። ለናቱ መርዶ ስነግር ባዶ እጄን አልሄድም፣ ይህን ቀብረው ያልቅሱበት አለ።»

«ነገራቸው?»

«ኧረ የት! በየዓመቱ ኮሶዬ ይወጣል። እናትና እኅቱ መንገድ ዳር ምግብ ይሸጡ ነበር። እዚያው በልቶ ይመለሳል። እኔ ወጥቼ እሱ ቀረ ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር ይላል። እኔ ልንገራቸው ስለው ደግሞ የነዳሁት እኔ ነኝ፣ የምናገረውም እኔ ነኝ እያለ ይቆጣል። እናትየዋ ሳትሰማ ሞተች። ከዚያ ወዲያ ነው ይህን የጀመረው። ታንኩን በዚህ ጣውላ ላይ ኮሶዬ አምጥቶ፣ ልጁን ከደጁ ሊያወርደው፣ አፈሩንም ከእግሩ ሥር አርጎ ለእኅቱ ሊወስድላት። አሁንማ እንደምታይው ነው። አልጋ ላይ ዋለ።»

የልጅነቴ ኮሶዬ ትዝ አለኝ። «አየር እንቀበል» ብሎ በዓመት አንድ ጊዜ ይወስደን ነበር። እኛ በብርድ እየተንቀጠቀጥን መቼ እንመለሳለን እንላለን፤ እሱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ሳያወራ ይበላል። ምግብ ቤት የሚመርጥ ሰው ሳይሆን ለምን ሁልጊዜ እዚያችው ቤት እንደምንገባ ጠይቄው አላውቅም።

«ቀባሁት» አልሁ። «እምነት መስሎኝ ቀባሁት። ምንም አልተረፈም።»

ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው ጨርሶ የሌለ እድፍ ጠረጉ። «እጣቢውንስ የት ደፋሽው?» አሉኝ። ጓሮ ወጥተን ወይራው ሥር ቆምን። ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነበር፤ ጎርፉ የግቢውን ቅጠል ሁሉ አግበስብሶ ወስዷል። እንደ ዕብድ ጎንበስ ብዬ በጣቴ ጫርሁ። «ተይው ልጄ» ብለው ክንዴን ይዘው አነሡኝ።

ወደ ቤት ስንገባ አባቴን ማየት አቃተኝ። ሰባት ጧት ሙሉ፣ የጓደኛውን ዐመድ ግንባሩ ላይ እየለደፍሁ አይዞህ ስለው፣ ምን እያሰበ እንደነበር እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ለምን እንደተወኝም አላውቅም። እሱ ግን በግራ እጁ ጋቢ የለበሰውን ወታደር ከጣውላው ላይ አነሣና መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፋቸው። ከዚያ በበሩ በኩል ኮሶዬ ወደሚያወጣው የደባርቅ መንገድ ጠቆመ።

መንገዱ ሰላም የሆነበትን ሳምንት ጠብቀን ከጓደኛው ጋር ሄድን። መርዶ በጧት ነውና ገና ጉሙ ሳይነሣ ደረስን። እሳቸው ቀድመው መልእክት ልከው ስለነበር ሁለት የሰፈሩ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ጠበቁን። እኅትየዋ ሽበት የወረሳቸው ሴት ሆነዋል። ደጃቸውን እየጠረጉ ነበር። ሽማግሌዎቹን ሲያዩ መጥረጊያውን ጣሉት፤ ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ ማንም ያውቃል።

ተነገራቸው። አላለቀሱም።

«ምነው እስተዛሬ?» አሉ።

እኔ መናገር ስላለብኝ ተናገርሁ። ነጂው አባቴ እንደሆነ፣ በየዓመቱ እየመጣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥ እንደነበር ነገርኋቸው።

«ያ ዝምተኛው ሰውዬ?» አሉኝ። «በእጄ አብልቸዋለሁ እኮ። እናቴ ይመጣል እያለች በሯን ሳትቀረቅር ሞተች። ያን ሁሉ ዓመት ከፊቷ ተቀምጦ?»

«አዎ።»

«ምን ይዛችሁ መጣችሁ ታዲያ?»

አፈር እንደነበረ፣ ያጠፋሁትም እኔ እንደሆንሁ ሳልቀንስ ተናዘዝሁ። ከቦርሳዬ የናሙና ብልቃጥ አወጣሁ። ወታደሩን በጥጥ ጠቅልዬ ያኖርሁት በእሱ ውስጥ ነበር፤ ከላዩ ላይ የልጁን ስም ከነአባቱ ጽፌበታለሁ። ማንበብ ስለማይችሉ የአባቴ ጓደኛ ጮክ ብለው አነበቡላቸው። ሴትየዋ ትንሹን ወታደር አውጥተው መዳፋቸው ላይ አቆሙት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ጋቢውን ማን አለበሰው?»

«አባቴ።»

«ብርድ አይችልም ነበር» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጮኹ። ጎረቤቱ ሁሉ እየሮጠ መጣ፤ ያ ሁሉ ዓመት የዘገየው ለቅሶ እንዲያ ተጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ አባቴ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ነበር። ይቅር ብለዋል ብዬ ልዋሸው ፈልጌ ነበር፤ አላሉምና አልዋሸሁም። «ተለቀሰለት አባዬ» ብቻ አልሁት። ከዚያ በግራ እጁ የሞተውን ቀኝ እጁን ያዘና እኔ እንደቀባሁት፣ ከክርኑ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ቀስ እያለ ያሸው ጀመር። እጁ ላይ ምንም አልነበረም። እንደያኔው መታጠቢያ ውሃ ላምጣልህ ወይ አልሁት። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ፤ እጁ እንዲታጠብ አልፈለገም።