ጋቢ የለበሰው ባትሪ

ሐዋ ከቆላ አገር ደሴ ከተዳረች ጀምሮ ከደሴ ብርድ ጋር አልታረቀችም። ቤቷ የገባ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ የሚደርበው ይሰጠዋል። ባሏ መሕሙድ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ከያዘ ወዲህማ ጋቢ ከላዩ ወርዶ አያውቅም።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው ልጃቸው ሀፊዝ፣ መብራት ሲጠፋ አባቱ ሬዲዮ እንዳያጣ ብሎ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪዎች አንድ ትልቅ ባትሪ ሠርቶ አመጣ። «እማ፣ ቻርጅ ሲሆን ብቻውን እንዳትተይው» አላት።

አንድ ብርዳም ጠዋት ሐዋ ለቅሶ ልትደርስ ስትል ባትሪውን ሰካችውና መሕሙድ እግር ሥር አኖረችው። ትርፉን ጋቢ አጣጥፋ ባትሪውን አለበሰችው። «እየው፣ አደራ» ብላው ወጣች።

ስትመለስ የቻርጀሩ መብራት ጠፍቷል። ሀፊዝ ዘንድ ደወለች።

«ያ ዕቃህ ለገመ።»

«የት ነው ያለው?»

«አባትህ እግር ሥር። ደህና አድርጌ ጋቢ አልብሼዋለሁ። ከኮምቦልቻ ሙቀት መጥቶ የደሴ ብርድ አይመታውም?»

ሀፊዝ ጮኸ፦ «እማ፣ እንዳትነኪው! መብራቱን ከቆጣሪው አጥፊና አባን አውጪ! ሊቃጠል ይችላል!»

ሐዋ ቆጣሪውን አጥፍታ ስትጣራ ጎረቤቷ አረጋሽ ደረሰችላት። ሁለቱ መሕሙድን ከነፍራሹ ጎትተው ደጅ አወጡት።

«ሳልሞት ነው እንዴ የምታወጡኝ?» አለ እየሳቀ።

ሐዋ ግን ከጎኑ መሬት ተቀመጠች። «እሱን አትርፈህልኛል ያረቢ፤ የቤቱን አንተ ታውቃለህ።»

ሀፊዝ በሚኒባስ ሲደርስ ባትሪው ቀዝቅዟል። ሙቀት ሲበዛ ኃይሉን እንድትቆርጥ ውስጡ ያስገባት ትንሽ ዕቃ ሥራዋን ሠርታለች። እሱ ግን ከእንግዲህ አላመነውም፤ ሌላ ሊሠራላቸው ይዞት ሊሄድ ተነሣ።

«ይሄ አይበርደውም፣ እማ። ሲሞላ ራሱ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል። እንዳትሸፍኚው አለማለቴ የኔ ጥፋት ነው።»

«እኔማ እንግዳ መስሎኝ!»

ከዚያ መሕሙድን ሊያስገቡት ሲሉ እንቢ አለ። ፀሐይ ወጥታ፣ መንገደኛው ሁሉ «አሰላሙ አለይኩም» እያለው ያልፋል። ከታመመ ወዲህ ደጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር። «ትንሽ ተዉኝ» አለ።

አሁን አዲሱ ባትሪ በቀን፣ ደጅ፣ ከበረንዳው ጥግ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ራቁቱን ይሞላል። ከሱ ራቅ ብሎ መሕሙድ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሐዋ መሃላቸው ተቀምጣ ሁለቱንም ትጠብቃለች። ጋቢዎቹ ሁለቱም ያሉት መሕሙድ ላይ ነው። እሷም ባሏን አየት ታደርገውና «አልሐምዱሊላህ» ትላለች።