ሞተሩን እንዳታጠፋው

ጎህ ሲቀድ ወደ አዲስ አበባ ተነሡ የሚል ትእዛዝ የደረሰን ቡታጅራ ላይ ነበር። ጊዜው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው፤ እኔ የትራንስፖርት ክፍል ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። ከደቡብ ምሥራቅ ግንባር ቁስለኞች ጭነን ስንመለስ የዋናውን መንገድ ድልድይ ጎርፍ ስለወሰደው ከዝዋይ ወደ ቡታጅራ ዞረን መጣን። መኪኖቻችን ሦስት ነበሩ። የእኛ በቤንዚን የሚሠራው አሮጌ ነው፤ አራት ቁስለኞች ይዟል። ከአራቱ የወታደር ከበደ እግር መመረዝ ጀምሮ ነበር። የግንባሩ ሐኪም በቶሎ ቀዶ ጥገና ካላገኘ እንደማይተርፍ ነግሮናል።

ሾፌራችን አሥር አለቃ ሸምሱ የቡታጅራ ልጅ ስለነበረ በእናቱ ደጅ አደርን። የጥቅምትን ውርጭ ስለሚያውቅ የራዲያተሩን ውኃ አፍስሶ ሞተሩን በቃጫ ጆንያና በብርድ ልብስ ሸፈነው።

ንጋት ላይ ማስነሻው ሞተሪኖ እያቃሰተ ዞረ፤ ሞተሩ አልተነሣም። ሸምሱ የአየር መዝጊያውን ሳበ፤ ነዳጅ ደጋግሞ ረገጠ። ዝም። ኮፈኑን ስንከፍት ጆንያውም ብርድ ልብሱም የሉም። እናቱ ሌሊት አንሥተው ቁስለኞቹን አልብሰዋቸዋል።

«እናቴ፣ የሞተሩን ልብስ?»

«ሰው እየተንቀጠቀጠ ለብረት ልብስ? አንተ ልጅ፣ አላህን ፍራ!»

ከበደ ከተኛበት ሳቀ። «እማማ ልክ ናቸው። ሸምሱ፣ መኪናህ ከእኔ እግር ይብሳል፤ መጀመሪያ እሱን ቁረጡት።»

የጉዞው አዛዥ ሻምበሉ መጣ። ሌሎቹ ሁለት መኪኖች ለተኛ ሰው ቦታ አልነበራቸውም።

«ቁስለኞቹን እዚህ ጤና ጣቢያ አውርዱ። እናንተ ከእኛ ጋር ተሳፈሩ፤ ሌላ መኪና ይላካል» አለ።

በጤና ጣቢያው ቀዶ ጥገና የሚሠራ አልነበረም። ሌላው መኪና መቼ እንደሚመጣም የሚያውቅ የለም።

«ጌታዬ፣ አላወርዳቸውም።»

«ትእዛዝ ነው!»

«ገብቶኛል፣ ጌታዬ። አላወርዳቸውም።»

«ትጠየቅበታለህ» ብሎ መኪኖቹን አስከትሎ ሄደ።

ሥራ ጀመርን። ነዳጁን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈታን፤ በቤንዚን ርሰዋል። ነዳጅ አልጎደለም፤ በዝቶ ሞተሩን አፍኖታል። አንዱን ካንዴላ ከሽቦው ጋር ብረት ላይ አስጠግተን ሞተሩን በእጅ የምናስነሣበትን ማኖቬላ አዞርኩ። እሳት አልሰጠም። ሸምሱ እሳቱን የሚያከፋፍለውን ክዳን አነሣ፤ ውስጡ ጤዛ ቋጥሯል። እናቱ የነጠላቸውን ጫፍ ቀደው ሰጡን፤ በእሱ አደረቅነው። ቀጥለው ፍም በገል፣ ሙቅ ውኃ በድስት አመጡ።

«ያበረድኩት እኔ ነኝ፤ እኔው አሞቀዋለሁ።»

ፍሙን ከመኪናው አርቀን ካንዴላዎቹን አሞቅንና ቦታቸው መለስናቸው። ሙቁን ውኃ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመርን። ሸምሱ አሁን የአየር መዝጊያውን ጨርሶ ከፈተ፤ ነዳጁን እስከ ታች ረግጦ ያዘ። እኔ ማኖቬላውን አዞርኩ። ሞተሩ አስነጠሰ። ደግሜ አዞርኩ፤ ማኖቬላው ተመልሶ ክንዴን መታኝ። እንደገና አዞርኩ። ተነሣ። ደጁ በጭስ ተሞላ።

ከበደ ጮኸ፤ «ሸምሱ፣ እኔ እስክወርድ ሞተሩን እንዳታጠፋው!»

ጥያን እንዳለፍን የሻምበሉን አቧራ አየን፤ ከዚያም ደረስንበት። ቀና ብሎ አላየንም።

ከበደ ሆስፒታሉ ሊታየን ጥቂት ሲቀረው ዐረፈ። አራት ጭነን ሦስት በሕይወት አስረከብን፤ ሦስቱም ድነዋል። በዚያ ዘመቻ ከክፍላችን የሞቱት ሰባት ናቸው። ከበደ ሰባተኛው ነው።

የማዕረግ ዕድገቴ ታገደ። ከሠራዊቱ ከወጣሁ በኋላ ወልቂጤ ላይ በመንግሥት ሥራ ጡረታ እስክወጣ ብዙ ትእዛዝ በአግባቡ ፈጽሜያለሁ። ያልፈጸምኩት አንዱ ግን ዛሬም አይቆጨኝም። ነገም ቢሰጠኝ መልሴ ያው ነው።

በዚያ ቀን የሆስፒታሉ ዘበኛ ወደ ሸምሱ መጥቶ፣ «ሞተሩን አጥፋ እንጂ! ሕመምተኛ ትረብሻለህ» አለው።

ሸምሱ መሪውን እንደ ጨበጠ ነበር።

«ከበደ ገና አልወረደም» አለ።

አስከሬኑ እስኪወርድ ድረስ አላጠፋውም። እኔም አጥፋ አላልኩትም።