ሦስት ማንኪያ ገንፎ

ባለፈው ሳምንት ከቢሾፍቱ ወደ አዳማ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት ምራቷን ለጓደኛዋ ታማ ነበር። «ልጁ እንቁላል አይስማማውም ትላለች። አንድ ቀን ደብቄ አበላውና አሳያታለሁ» አለች እየሳቀች። ሞጆ እስክንደርስ ታግሼ፣ «እህቴ፣ አታድርጊው» አልኳት። ገላመጠችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያንን ዓይነት ሳቅ አውቀዋለሁ።

ታሪኩ የቆየ ነው፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ልጄ ሜሮን ደግሞ አራት ዓመቷ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አስም አለባት፤ በዚያ ላይ ለውዝ ፈጽሞ አይስማማትም። ሁለት ዓመቷ ሳለ አንዲት ፍሬ ቀምሳ ሆስፒታል ተኝታለች። «ሁለተኛው ሊብስ ይችላል» ብሎኝ ነበር ሐኪሙ። ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ጥበቃ ሆነ። ልደት ስትጠራ ምግቧን ከቤት ቋጥሬላት እሄዳለሁ። ቆሎ የሚሸጥበትን መንገድ አቋርጬ በወዲያኛው በኩል አልፋለሁ። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሲያነሣው፣ ፓፍ የምንለው የአስም መድኃኒቷ ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን በእጄ እዳስሳለሁ። ዘመዶቼ ግን ይህንን ሁሉ ኩራት ነው ይሉት ነበር።

ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለነበር፣ ወንጂ ያሉትን እናቱን የምጠይቀው እኔ ነኝ። የዚያን ጊዜ የሄድነው በዐቢይ ጾም ነው። ወቅቱ የሸንኮራ አገዳ ቆረጣ ነበር፤ ማሳው ሲቃጠል የሚነሣው ጥቁር ብናኝ ጓሮው ሁሉ ላይ ይወርዳል፣ አየሩም የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ለሜሮን ደረት የማይሆን አየር ነው። እቤት ውስጥ ተቀምጣ እንድትጫወት አድርጌ፣ እኔ ጓሮ ልብሷን አጥብ ነበር።

የባለቤቴ ታላቅ እህት ዘነበች ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። እትዬ፣ አንቱ እያልኩ ነበር የምጠራት፤ ዛሬ አንቱታው ከአፌ አይወጣልኝም። ባዶ ሳህን ይዛ ወደ ጓሮ ብቅ አለች።

«ሦስት ማንኪያ በላች። ምንም አልሆነችም» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ገንፎውን ነዋ። ለውዝ ፈጭቼ ደባልቄበት ነበር። አየሽ? ልጅቷን በሽተኛ ያደረግሻት አንቺ ነሽ።»

ፈገግ ብላ ነበር። ፈተና ያለፈች ተማሪ ትመስል ነበር።

ሮጬ ስገባ ሜሮን ከንፈሯን ታካለች። «እማ፣ አፌን በላኝ» አለች። ወዲያው ከንፈሯ አበጠ፣ አንገቷ ላይ ሽፍታ ወጣ፣ ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። ፓፉን ሰጠኋት፤ አልሠራም። አቅፌያት ወጣሁ። መንገድ ላይ ያገኘሁት ባለባጃጅ ተሳፋሪውን አስወርዶ ጫነን። ትከሻዬ ላይ አስመለሳት፤ ያ የለውዝ ሽታ ከትውከት ጋር ተደባልቆ አንገቴ ሥር ወረደ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ነርሷ ምንም ሳትጠይቅ ጭኗ ላይ መርፌ ወጋቻት፣ ኦክስጅን አደረገችላት። «ጀባዱ» አለችኝ በኦሮምኛ፣ በርቺ ስትል፤ «አይዞሽ፣ በጊዜ ደርሰሻል።» ልጄ ስታለቅስ ስሰማ ነው እኔም የተነፈስኩት። ማልቀስ ትንፋሽ ይፈልጋል።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሜሮንን አዝዬ ዕቃዬን ልወስድ አማቴ ቤት ተመለስኩ። ዘነበች ምሳ እየበላች ነበር። እጇን ሳትታጠብ፣ ጣቷን እየላሰች፣ «እግዜር ይመስገን ተረፈች። እኔማ ለጥሩ ብዬ ነው» አለች። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣትም። ልጄን እንኳ ዞር ብላ አላየቻትም።

«እማማ፣ እያወቀች ነው ያበላቻት» አልኩ ለአማቴ።

«አውቃለሁ ልጄ። ቢሆንም እህትሽ ናት። ለእኔ ስትይ ሳሚያት» አሉኝ።

ጎረቤቶችም ተቀምጠው ያዩ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳምኳት። ጉንጯ በላብና በዘይት ወዝቶ ነበር። አዳማ ገብቼ አፌን በሳሙና ታጠብኩ፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። የቀፈፈኝ የእሷ ጉንጭ ብቻ አልነበረም፤ ያንን ጉንጭ የሳመው የራሴ አፍም ጭምር እንጂ።

ሜሮን ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። አስሙም አለርጂውም አልለቀቃትም። ሰው ቤት «ትንሽ ቅመሺ» ሲሏት፣ «አልበላም፣ ይገድለኛል» ትልና ጨዋታዋን ትቀጥላለች። ዘነበች በዓል ሲሆን ትመጣለች፤ ሜሮን ትጨብጣታለች እንጂ ከእጇ ውሃ አትቀበልም፤ ምክንያቱንም ፊት ለፊት ነግራታለች። እኔ ለንስሐ አባቴ ይቅር ብያታለሁ ብዬ ተናግሬያለሁ። ውሸቴን ነው።

ይህን ታሪክ ለሜሮን የነገርኳት አድጋ ነው። ሰምታ ጨረሰችና፣ «አንቺ ግን ለምን ሳምሻት?» ብቻ አለችኝ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው ልላት አፌን ከፈትኩና፣ አፈርኩ።