በዳባት በግ ላይ የፈሰሰው ጠበል

ለዓመት ፈቃድ ወደ ሸዋ፣ ወደ ወላጆቼ ስሄድ፣ የደባርቋ አከራዬ ያዘዙኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከትውልድ ደብሬ ጠበል እንዳመጣላቸው። ቁርጥማት ጉልበታቸውን ከያዛቸው ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆሙ ሰንብተዋል። ቢጫ ጀሪካናቸውን አስይዘው «አደራሽን ልጄ!» አሉኝ።

ሞልቼ አመጣሁ። ክዳኑን በላስቲክ ጠፍሬዋለሁ። ከጎንደር በሚኒባስ ጣራ ላይ ተጭኖ ሲመጣ፣ ዳባት ላይ ከጎኑ አንድ በግ ታሰረ። ደባርቅ ስንወርድ ክዳኑ የለም፤ በጉ ከቀንዱ እስከ ላቱ ርሷል። ሳይጾም ሳይጸልይ ተጠምቆ ወደማላውቀው ሰው ቤት ሄደ። ለእኔ የተረፈኝ ስኒ የማይሞላ ነው። በጠርሙስ ገልብጬ ከሥዕለ አድኅኖዬ ሥር አኖርኩት።

ወር ተዘግቶ የከረመ ቤት ሥራው አያልቅም። አይጥ ሳሙናዬን በልታለች፤ ወለሉ ላይ በአቧራ ላይ የሄደችበት ሁሉ ይታያል። በማግስቱ የውሃ ተራችን ነበር። ቧንቧው በሳምንት አንዴ ነውና የሚመጣው፣ ድስቱንም ሳፋውንም ሞላሁ። ያንኑ ቢጫ ጀሪካናቸውንም ለወለል መወልወያ ብዬ ሞልቼ በር ላይ ተውኩትና ወደ ቢሮ ሮጥኩ። ስለ ጠበሉ ስመለስ እነግራቸዋለሁ ብዬ።

ስመለስ አከራዬ ቆመው ጠበቁኝ። ያውም ያለ ዱላ!

«ጠበልሽን ጠጣሁት፣ ጉልበቴንም አሸሁበት። እይኝማ!» ብለው ግቢውን ዞሩልኝ። «ጎረቤቶቹም ቀመሱ። እሑድ በእግሬ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ!»

«እናቴ፣ እሱ እኮ...»

«ዝም በይ! ሰው ሲያመሰግንሽ እሺ በይ።»

ዝም አልኩ። ረቡዕ ቅቤ የነካውን ማንኪያ እንኳ የማላነሳ ሴት፣ ዝም አልኩ። ብናገር ተመልሰው አልጋ ይይዛሉ፤ ባልናገር ኃጢአቱ በእኔ ነው። ሦስት ጠዋት ጎረቤት ኩባያ ይዞ እየመጣ፣ አማትቦ መወልወያዬን ሲጠጣ ከረመ። ወለሉም ሳይወለወል ከረመ።

ቅዳሜ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። አባ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«እውነቱን ንገሪያቸው» አሉ ሲረጋጉ። «የተረፈችውንም ስጫቸውና፣ ደግፈሽ ይዘሻቸው ነይ።»

እሑድ በማለዳ ከበጉ እስከ መወልወያው ሁሉንም ነገርኳቸውና ጠርሙሷን ሰጠኋቸው። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ሲዋሻቸው እንደያዙት ሰው። ከዚያ አማትበው ጠርሙሷን ጨለጧት።

«ያኛው ይጣፍጥ ነበር» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ እናቴ።»

«ይቅር ይበልሽ። በይ ነጠላዬን አቀብዪኝ፤ ቅዳሴው ሊገባ ነው።»

ክንዴን ጨብጠው ተነሡ። ዳገቱን እያነከሱ፣ ሦስቴ አርፈው ወጡት። ደጀ ሰላሙ ጋ ስንደርስ ሊሳለሙ ጎንበስ አሉና፣ ወደ ጆሮዬ ዞሩ፦

«ያ በግ የማን እንደሆነ አጣሪልኝ። ለመስቀል ካረዱት አንድ ቅልጥም እንለምናቸዋለን።»